ንፍሮውና ድንጋዩ

እህቴ ለዳኞቹ ምን እንዳለች ለረጅም ጊዜ አላውቅም ነበር። ቃሏን የሰጠችው በዝግ ችሎት ነው። ልጅ ስለሆነች በሩ ተዘጋ፤ እናቴ እንኳ በረንዳው ላይ እንድትቆይ ተነገራት። እኔና አባቴ ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ስትወጣ ፊቷ እንደ ሌላው ቀን ነው። "ጨረስኩ" አለችና ውሃ ጠየቀች። ወደ ቤት ስንመለስ ያወራችን ከተማው ውስጥ ስላየቻት አህያ ነው፤ ከእኛዋ ታንሳለች፣ ጭነቷ ግን ይበልጣል አለች። ስለ ሌላው አልጠየቅናትም። እሷም አልነገረችንም።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ገብቶኝ አይደለም። ሰው ሁሉ "ፍርድ ቤት አመናችሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?" ይለኛል። ምን እንደምፈልግ አላውቅም። የሆነውን በተራው ብጽፈው ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ወፍጮ ቤት ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም። እህቴ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። የእኛ ቤት ከጓሳ በታች ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ዳር። እናቴ ገብስ በማዳበሪያ አሸክማ ላከቻት፤ እንደ ወትሮው። ስትመለስ ዱቄቱን አልያዘችም። እናቴ መጀመሪያ የተቆጣችው ስለ ዱቄቱ ነው፤ "ማዳበሪያውንስ የት ጣልሽው?" አለቻት። እህቴ ያን ጊዜ ነገረቻት። እናቴ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ማዳበሪያውን ፖሊስ በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ አገኘው፤ ገብሱ ሳይፈጭ።

ባለወፍጮው ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው። አባቱን ሁላችንም እናከብራቸዋለን። ከአባቴ ጋር በአንድ ጽዋ ማኅበር ዘመናቸውን ሁሉ ጠጥተዋል፤ እኔ ክርስትና ስነሳ እንኳ ደግሰው ከነበሩት አንዱ እሳቸው ናቸው ይባላል። ክሱ ሲቀርብ አባቴ ማኅበሩን ተወ። ሽማግሎች ለዕርቅ ተመላለሱ። አባቴ ለሽማግሎቹ በር አልከፈተም።

የሥር ፍርድ ቤቱ ሰውየውን ጥፋተኛ ብሎ ፈረደበት። እሱም ይግባኝ አለ። እኛ ይግባኝ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ አልገባንም ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ቃሉን በትምህርት ላይ አውቀዋለሁ፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። አባቴ "አንተ ተምረሃል፤ አስረዳኝ" ሲለኝ ግን "ከፍ ያለው ፍርድ ቤት እንደገና ያየዋል" ከማለት ውጭ የምለው አጣሁ። "እንደገና ሊጠይቋት ነው?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። እህቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ትሰማለች። "እኔ ያልኩትን ብያለሁ" አለች። ቁጣም የለበትም፤ እንዲሁ ተናገረች።

ክረምቱ ሲወጣ ታመመች። ሳል ነበር፤ ብርድ ነው አልን። እኛ አገር ብርድ ማንን ይምራል። ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ሳንባዋ ነው አሉን፣ ወደ ሆስፒታል ላኩን፤ እዚያም ብዙ አልቆየችም። እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ቀብሯ ሳይፈጸም የነፍስ አባታችን አባቴን ለብቻ ጠርተው አነጋገሩት። በቅርብ ቆሜ ስለነበር ሰምቻለሁ። "ቂም ይዘህ አትቅበራት" አሉት። "ቂም ባለበት ቤት ፍትሐቱ ይከብዳል። ለእሷ ስትል ጣለው።" አባቴ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ።

በሣልስቱ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የባለወፍጮው አባት መጡ። ብቻቸውን ናቸው። በትከሻቸው ድንጋይ ተሸክመዋል፤ ትልቅ ነው፣ ለእሳቸው ዕድሜ የሚከብድ። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተንበረከኩ። የሚያለቅሱት ሴቶች ዝም አሉ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው፣ "ወንድሜ፣ በድለንሃል፤ እኔን ማረኝ" አሉ። ድምፃቸው ደካማ ነበር፤ ሁሉም ሰው ግን ሰምቷል።

አባቴ ከዚያ ተነሳ። ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረደና ድንኳኑ ካስማ አጠገብ አስቀመጠው። "ቂም የለኝም" አለ። "ለነፍሷ ስል፣ ቂም የለኝም።" አጠገቡ አስቀመጣቸው። ንፍሮ በሰፌድ ቀረበ። አባቴ አንድ እፍኝ ዘገነና ለእሳቸው ሰጠ፤ ቀጥሎ ራሱ በላ። እኔ ተነስቼ ወደ በጎቹ ጉሮኖ ሄድኩ። አንድ የአጎቴ ልጅ ተከተለኝ። "አባትህ አበደ ወይስ ጸደቀ?" አለኝ። ሊቀልድ ይሁን ከልቡ አላወቅኩም። "እኔ ምን አውቄ" አልኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። አባቴ በልቡ እህቴን አላመናትም ይሆን? ቢያምናት ኖሮ ከዚያ ሰውዬ አባት ጋር ከአንድ ሰፌድ እንዴት ይበላል? ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከወራት በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ስልክ ደወለ። ይግባኙ ያስቀርባል ተብሏል አለ፤ ማለትም ዳኞቹ መዝገቡን ዐይተው ክርክር እንዲሰማ ወስነዋል። በቀጠሮው ቀን እኔና አባቴ በሌሊት ተነስተን አውቶቡስ ያዝን። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ በእርጋታ ይነዳ ነበር። ረዳቱ ቀልደኛ ልጅ ነው፤ አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሶ አይቶ፣ "አባባ፣ ሠርግ ነው እንዴ? ሙሽራዋ የት ናት?" አለው። አባቴ በመስኮቱ ጉሙን እያየ "ሸኝተናታል" አለ። ረዳቱ ነገሩ አልገባውም፤ "እንኳን ደስ ያለዎት" ብሎ አለፈ። አባቴ "አሜን" አለው።

ፍርድ ቤቱ በረንዳ አግዳሚ ላይ አንዲት እናት ከእኛ ቀድመው ተቀምጠዋል። የመሬት ክርክር አላቸው፤ በድንበር ከወንድማቸው ጋር ተጣልተው ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ስመላለስ አርጅቻለሁ ይላሉ። የእኛ ምስክሮች ለምን እንዳልተጠሩ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

"ልጄ፣ እዚህ እህል አይፈጭም" አሉ። "ከታች የተፈጨውን ነው የሚነፉት። ወንፊት ይዘው ተቀምጠዋል፤ እንክርዳድ ካለ ይወጣል፣ ከሌለ ዱቄቱ ያልፋል። አዲስ ገብስ ይዘህ ከመጣህ ግን ይመልሱሃል።"

የወፍጮ ነገር ሲነሳ አባቴ ፊቱን አዞረ። እሳቸው ምን አውቀው። እኔ ግን ይግባኝ ምን እንደሆነ መጀመሪያ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እህቴን ሊጠይቋት አይደለም የተቀመጡት። ብትኖርም አይጠይቋትም ነበር። የሚያዩት ከታች የተጻፈውን ነው። ይህ መልካም ይሁን መጥፎ አላወቅኩም። መሞቷ ለዳኞቹ ምንም አልለወጠም ማለት ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ያለችው እህቴ እዚያው እንዳለች ናት።

የሰውየው ጠበቃ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ሁለት ነገር አጥብቆ ያዘ። አንደኛው፣ የልጅቷ ቃልና የወፍጮ ቤቱ ጎረቤት የሆነው ምስክር ቃል አይገጥምም አለ። ጎረቤቱ ወፍጮው ያለማቋረጥ ሲሠራ ሰምቻለሁ ብሏል፤ ልጅቷ ግን ቆሞ ነበር ብላለች። ሁለተኛው ደግሞ አባቴ ነው። የልጅቷ አባት ከይግባኝ ባዩ አባት ጋር በለቅሶ ላይ ንፍሮ በልቷል፣ በሰው ፊት ቂም የለኝም ብሏል፤ በልጁ ላይ እንዲህ ያለ በደል ተፈጽሟል ብሎ የሚያምን አባት ይህን አያደርግም፤ ስለዚህ ራሱ አባትየው ክሱን አያምንበትም አለ።

አባቴ አጠገቤ ተቀምጧል። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። ጠበቃው የተናገረው በልቤ ይዤው የነበረውን ነው። ጉሮኖው አጠገብ ያሰብኩትን፣ ቃል በቃል። በዚያ ሰው አፍ ሰማሁት።

ጠበቃው ይህ ከፍርዱ በኋላ የተፈጠረ ስለሆነ በተጨማሪ ማስረጃነት ይሰማልኝ ብሎ ጠየቀ። ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ። ዳኞቹ ተመካከሩና ለሌላ ቀን አባቴ ቀርቦ ይጠየቅ አሉ። በቀጠሮው ቀን ሄድን። ያን ቀን በሩን አልዘጉትም። የሚመሰክር ሕፃን ስለሌለ ነው።

ጠበቃው ጠየቀው። "ከይግባኝ ባዩ አባት ጋር ንፍሮ በልተዋል?"

"በልቻለሁ።"

"ቂም የለኝም ብለዋል?"

"ብያለሁ።"

"ልጅዎ ያለችው እውነት ነው ብለው ቢያምኑ ኖሮ ይህን ይሉ ነበር?"

አባቴ "ለነፍሷ..." አለ። ከዚያ "የነፍስ አባቴ..." አለና ተወው። በቃ። ጠበቃው "ሌላ ጥያቄ የለኝም" ብሎ ተቀመጠ። እኔ በልቤ ተናገር እለዋለሁ። አምናታለሁ በል። እነሱ ሊሰሙ ነው የጠሩህ። እሱ ግን መነጽር ያደረጉትን የመሐል ዳኛ እያየ ይቆማል።

ዳኛዋ አንድ ጥያቄ ጠየቁት። "የይግባኝ ባዩ አባት ወደ ለቅሶው የመጡት እንዴት ነው?"

"ድንጋይ ተሸክመው፣ እመቤቴ።"

"ምን አሉ?"

"'በድለንሃል፤ እኔን ማረኝ' አሉ።"

ጠበቃው ብድግ አለ፤ ዳኛዋ በእጃቸው እንዲቀመጥ አመለከቱት፤ ጸሐፊዋ ጻፈች። እኔ አበቃ፣ አሸነፍን አልኩ። በእኛ አገር ያልበደለ ድንጋይ አይሸከምም። የገዛ አባቱ በሕዝብ ፊት በድለናል ካሉ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? በረንዳው ላይ ለዐቃቤ ሕጉ ይህን ስነግረው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "በድንጋዩ ላይ አትደገፍ" አለኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። "አባትየው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አልነበሩም" አለ። ይህ ራሱ አልገባኝም። አባቴስ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ነበር እንዴ? የእሱ ንፍሮ የሚጠየቅ ከሆነ የእሳቸው ድንጋይ ለምን አይጠየቅም?

የፍርዱ ቀን አባቴ አልመጣም። አንተ ሂድና ሰምተህ ንገረኝ አለኝ። ብቻዬን ሄድኩ። ከኋላ ወንበር ላይ የሰውየው ሚስት ተቀምጣለች፤ ተያየን፣ ሰላምታ አልተለዋወጥንም።

ዳኛዋ አነበቡ። ቋንቋው ከባድ ነው፤ የያዝኩትን ያህል ልጻፍ። በለቅሶ ላይ አብሮ መብላትና ቂም የለኝም ማለት የሐዘን ደንብ ነው አሉ፤ የሟች አባት ስለ ወንጀሉ የሚያምነውን አያሳይም፤ ቢያሳይም ድርጊቱን ያላየ ሰው እምነት ማስረጃ አይሆንም። ድንጋይ መሸከሙም እንዲሁ የይግባኝ ባዩ አባት የራሳቸው ሥራ ነው፤ የይግባኝ ባዩ ቃል አይደለም። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ከሚዛን አውጥቷል። ንፍሮው ወጣ። ድንጋዩም ወጣ። ያን ጊዜ ተሸነፍን ብዬ ነበር። ምን ቀረን?

ከዚያ ስለ ወፍጮው ማንበብ ጀመሩ። ሰሚው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስል ነበር። የግል ተበዳይዋ ስትጠየቅ "ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ተነሳ" ብላለች አሉ። ጎረቤቱ ከአጥር ውጭ ሥራ ላይ ነበር፤ ወፍጮ ሁልጊዜ ለሚሰማ ጆሮ ትንሽ ጸጥታ ልብ ላይባል ይችላል። ልጅቷ የተጠናላትን ተናግራ ቢሆን ኖሮ ከምስክሩ ጋር የሚገጥም ቃል ትናገር ነበር። አልገጠመም፤ ይህም የራሷን መናገሯን ያሳያል እንጂ መዋሸቷን አያሳይም። በዚያው ዕለት ለእናቷ መንገሯ፣ ያልተፈጨው ገብስ በሩ ጀርባ መገኘቱ፣ የጤና ጣቢያው ማስረጃም ቃሏን ይደግፋሉ። አልጮኸችም መባሉም በዚያ ዕድሜ ባለች ልጅ ላይ አይያዝም። የጥፋተኝነት ፍርዱ ጸንቷል።

ቀጥለው ቅጣቱን ትንሽ ቀነሱለት። የሥር ፍርድ ቤቱ አንድን ምክንያት ሁለት ጊዜ ቆጥሮበታል አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ኋላ አስረዳኝ፤ ሲያስረዳኝ የገባኝ መስሎኝ ነበር፣ ደጅ ስወጣ ጠፋብኝ። አሸነፍን ወይ አልኩት። "ጸንቷል ማለት እኮ ነው" አለኝ፤ ሌላ መዝገብ ይጠብቀው ነበርና ሮጠ።

እኔ ግን አንድ ነገር ይዤ ነው የወጣሁት። "ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ተነሳ።" ይህ የእህቴ ቃል ነው። ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር የምትናገረው፤ ከሆነው ላይ የምትጨምረው ነገር የላትም። በግ ስትቆጥር፣ ስለ አህያዋ ስታወራ፣ ስትታመም እንኳ እንደዚህ ነው። ከሞተች በኋላ ድምፅዋን የሰማሁት በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ከማላውቃቸው ሴት አፍ ነው። ጣርማ በር ላይ አውቶቡሱ ውስጥ እየደጋገምኩ አልኩት። ቆመ። ከዚያ እንደገና ተነሳ።

ማታ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

"ንፍሮውን ምን አሉት?" አለኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህን ነው።

"ከሚዛን አወጡት።"

"ድንጋዩንስ?"

"እሱንም አወጡት።"

"ታዲያ ምን ቀረ?"

"እሷ ያለችው።"

 "በቃ?" አለ።

"በቃ። እሱ ይበቃል አሉ።"

ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። እኔም ያን ጊዜ ልጠይቀው ፈለግኩ፤ አንተስ አምነሃታል ወይ ልለው። ከዚያ ተውኩት። ደጁ ላይ፣ ድንኳኑ ከተነሳ ጀምሮ ማንም ያላነሳው ድንጋይ እዚያው አለ። አባቴ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው።

ሙት ዓመቷ በዚያው ሰሞን ደረሰ። ካህናቱ ጸለዩ፤ ሰው መጣ። የባለወፍጮው አባትም መጡ፤ በትር ተደግፈው፣ ዘንድሮ ድንጋይ ሳይዙ። አባቴ ተነስቶ አስቀመጣቸው። እኔ ለሰው እጅ የማስታጠብ ተራዬ ነበር። ጆጉን ይዤ፣ ተራ በተራ እያስታጠብኩ እሳቸው ዘንድ ደረስኩ። ማለፍ እችል ነበር። አላለፍኩም፤ ለምን እንዳላለፍኩም አላውቅም።

እጃቸውን ዘረጉ። ዐይናቸው ደክሟል፤ ቀና ብለው ትኩር አሉብኝ።

"ወንድሟ ነህ?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ከተማ ሄደህ ነበር አሉ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምን አሉ? ለእኔ ቤት ውስጥ የነገረኝ የለም።"

ፍርዱ ሲነበብ ምራታቸው ከኋላ ወንበር ላይ እንደነበረች አስታወስኩ። እሷም አልነገረቻቸውም። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የልጃቸውን ነገር እኔን ነው የጠየቁኝ። ሐሰት መናገርም፣ ጆጉን አስቀምጦ መሄድም አማረኝ።

"ጸንቷል" አልኳቸው። "እሷ ያለችውን አመኑ።"

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ውሃው አልቆ ነበር፤ ከጣቶቻቸው መንጠብጠቡን ትቷል፤ እሳቸው ግን አልሰበሰቡትም።

"ጨምርልኝ" አሉ።

ከእናቴ እንስራ ቀድቼ ተመለስኩና ጨመርኩላቸው።